ልጓም ሳትገዙ መጀመሪያ አፉን እዩ

«ፈረሴ ራሱን እየወረወረ አስቸገረኝ፤ ምን ዓይነት ልጓም ላድርግለት?»

ጋላቢዎች በተሰበሰቡበት ይህ ጥያቄ አይጠፋም። መልስም አይጠፋም። አንዱ «ጠንከር ያለ አድርግለት፣ ያኔ ልብ ይገዛል» ይላል። ሌላው «ኧረ ለስላሳው ነው የሚያዋጣው» ይላል። ሦስተኛው የራሱን ፈረስ ልጓም ፈትቶ ሊያውስ ይነሳል። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን የፈረሱን ከንፈር ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አላዩም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጓም ስንመርጥ የምናየው ልጓሙን ነው፤ የሚለብሰው ግን አፍ ነው። ሁለት ፈረሶች ቁመናቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ አፋቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። የአንዱ ምላስ ወፍራም ነው፣ ላንቃውም ዝቅ ያለ። የሌላው ምላስ ቀጠን ያለ፣ ከንፈሩ ግን ሥጋ የበዛበት ነው። ለአንደኛው የተመቸ ልጓም ለሁለተኛው መከራ ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት አፉን እንይ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ልጓም ስንል አንዳንዴ ጭንቅላቱ ላይ የሚታሰረውን ጠፍር ሁሉ ማለታችን ነው። እዚህ ግን ልጓም የምለው አፍ ውስጥ የሚገባውንና ከዛቡ፣ ማለትም ጋላቢው በእጁ ከሚይዘው ጠፍር፣ ጋር የሚያያዘውን ክፍል ብቻ ነው።

አፉ ውስጥ ምን አለ?

ፈረስ ከፊት ሣር የሚቆርጥባቸው ጥርሶች አሉት፤ ከላይ 6፣ ከታች 6። ከኋላ ትልልቆቹ መንጋጋዎች ተደርድረዋል። በመካከላቸው ጥርስ የሌለበት ረዘም ያለ ክፍተት አለ። ልጓም የሚቀመጠው እዚህ ነው። ወንዶቹ በዚሁ ክፍተት ላይ፣ ወደ ፊት ጥርሶቹ ጠጋ ብሎ፣ ክራንቻ ያበቅላሉ። አብዛኞቹ ባዝራዎች ክራንቻ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ትንሽ ነው።

ጥርስ ስለሌለበት ብዙ ሰው ይህን ቦታ ምንም የማይሰማው ባዶ ቦታ አድርጎ ያስበዋል። በተቃራኒው ነው። የታችኛው መንጋጭላ አጥንት እዚያ ላይ ሹል ጠርዝ አለው። የሸፈነው ድድ ስስ ነው። በመካከል ጫናውን የሚያበርድ ሥጋም ስብም የለም። የራሳችሁን ቅልጥም ከፊት በኩል በጣታችሁ ዳስሱት። በጨለማ የአልጋ ጠርዝ መትቷችሁ ያውቃል? እንግዲያው ፈረስ ድዱ ላይ ብረት ሲያርፍበት ምን እንደሚሰማው በግማሽ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ምላስ አለ። አፍ ሲዘጋ ምላስ አፉን ይሞላዋል። ልጓም ተመቻችቶ የሚተኛበት ባዶ ክፍል የለም፤ ልጓም የሚገባው ምላሱን ተጭኖ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሂላሪ ክሌይተን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በመሆን በፈረሶች አፍ ውስጥ ያለ ልጓም እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በራጅ አይታ ነበር። ከዚያ በኋላም ሌሎች የራጅ ጥናቶች ተደርገዋል። ዛብ ሲሳብ ልጓም ወደ ምላሱ እየሰመጠ እንደሚሄድ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ልጓም ስትመርጡ በመጀመሪያ የምታስቡለት ምላሱን ነው።

እንዴት ታዩታላችሁ? ፈረሱ ረጋ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ በቆመበት ከጎን ሆናችሁ የከንፈሩን ጥግ በቀስታ ግለጡት። ምላሱ ክፍተቱን ሞልቶ ወደ ጎን ገፍቶ ከታያችሁ ወፍራም ነው። ቀጥሎ ሁለት ጣት አስተኝታችሁ በጎን በኩል ጥርስ በሌለበት ቦታ አስገቡ። ጣቶቻችሁ ከላይና ከታች ጥብቅ ብለው ከተያዙ ለወፍራም ልጓም ቦታ የለም። ጣት ወደ ኋላ፣ ወደ መንጋጋዎቹ፣ እንዳይሄድ! መንጋጋ ሣርን ከጣት አይለይም።

ስታዩም ጠባሳ፣ ቁስል፣ በለዝ መኖሩን አስተውሉ። ጥቁር ቆዳ ባለው የከንፈር ጥግ ላይ ሮዝ ወይም ነጭ ነጥብ ካለ አሮጌ ቁስል ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በፊንላንድ የተካሄደና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 261 የሰረገላ እሽቅድምድም ፈረሶችን ልክ ከውድድር እንደወጡ አፋቸውን መርምሮ ነበር። ልጓም በሚያርፍበት አካባቢ 84 በመቶዎቹ ላይ አዲስ ጉዳት ተገኘ። ከአፋቸው ውጭ ደም የታየባቸው ግን ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ውድድር ላይ ያለ ፈረስ ከእናንተ ፈረስ ጋር አንድ አይደለም፣ እሺ። ግን ከውጭ ደም ስላላያችሁ ብቻ አፉ ደህና ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ፈረስ ሆድ ይፍጀው ባይ ነው።

ከልጓሙ በፊት የእንስሳት ሐኪሙ

በጣም ውዱ ልጓም የታመመ ጥርስ አያድንም። አንዳንድ ፈረሶች ከመንጋጋዎቹ ፊት፣ በተለይ በላይኛው በኩል፣ «የተኩላ ጥርስ» የምትባል ትንሽ ጥርስ አለቻቸው። የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ሳይሞላቸው ነው። ለማኘክ አትጠቅምም፤ ልጓም ሲነካት ግን ልታሳምም ትችላለች። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ፈረሱ ልጓም ከመልመዱ በፊት ይነቅሏታል። ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ገደማ ደግሞ ፈረስ የወተት ጥርሱን ይቀይራል። በዚያ ጊዜ ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ ልጓም አልቀበልም ቢል ግራ አይግባችሁ። በሐኪም ጥርሱን ቢያንስ በዓመት አንዴ ማሳየት ደንብ ይሁን። መንጋጋዎች ሲበሉ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይሳላል፤ ጉንጩን ከውስጥ ይቆርጠዋል። በላዩ ላይ ጠፍር ሲጠብቅበት አስቡት።

ስፋቱ፦ እኔ የተሳሳትኩበት

በአንድ ወቅት ልጓም ስገዛ ትንሽ ሰፋ ያለውን መረጥኩ። ጫማ ስንገዛ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ ሰፋ ካለ ይመቸዋል ብዬ። ለወራት ፈረሱ ራሱን ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ሲሄድ «ግራ ጎኑ ደነደነ» እያልኩ ልምምድ አበዛሁበት። በኋላ አንድ ልምድ ያለው ሰው መጥቶ ልጓሙን በጣቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ገፋ ገፋ አደረገው። እንደ መሳቢያ ይንሸራተታል። ምንም አላለኝም፤ አየኝ ብቻ። ልጓሙ ተቀየረ፤ ማዘንበሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረ። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሰፊ ልጓም የሚጎዳበት ምክንያት ቀላል ነው። አንዱን ዛብ ስትስቡ ልጓሙ ሁሉ ወደዚያ ጎን ይንሸራተታል። መሃሉ ላይ አንጓ ካለው አንጓው ከምላሱ መሃል ወጥቶ በአንዱ ጎን ድድ ላይ ያርፋል። ያንን ሹል አጥንት አትርሱት። በዚያ ላይ ሰፊ ልጓም መሃሉ ይረግባል። ረግቦም ክራንቻ ያንኳኳል።

ጠባብ ልጓም ደግሞ ጉዳቱ ፊት ለፊት ነው። የከንፈሩን ጥግ ይቆነጥጣል፤ ጉንጩንም ወደ መንጋጋዎቹ ይገፋዋል።

መለካቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ የለሰለሰ፣ ስንጥር የሌለበት እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱ። ልጓም በሚቀመጥበት ቦታ በአግድም አስገቡት። ከንፈሩ በሁለቱም በኩል በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉ። አውጥታችሁ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ለኩ። ለምሳሌ 12.5 ሴንቲ ሜትር ወጣ እንበል።

አሁን የልጓሙ ጫፍ ይወስናል። በልጓሙ ቀዳዳ ውስጥ ቀለበቱ እንደልቡ የሚዞርበት ዓይነት ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይፈልጋል፤ አለዚያ ቀለበቱ ሲዞር ከንፈሩን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ 13.5 ይሆናል። ጫፉ ከቀለበቱ ጋር አንድ ላይ የተሠራና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ከንፈሩን ሳይጫን ጠጋ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ትርፍ ይበቃዋል።

የልጓሙን ልክ ስትወስዱም ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ አንጓዎቹ ሁሉ ቀጥ ይበሉ። የምትለኩት ከቀለበት ውስጠኛው ጠርዝ እስከ ቀለበት ውስጠኛው ጠርዝ ነው። አንዳንድ አምራቾች በግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ሌሎቹ በሩብ ኢንች እየጨመሩ ይሠራሉ። ሩብ ኢንች 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው የጎልማሳ ፈረስ ልክ ከ11.5 እስከ 14.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። የፈረሱ ትልቅነት ግን አያታላችሁ። ግዙፍ ሆኖ ጠባብ አፍ ያለው አለ፤ አጭር ሆኖ ሰፊ አፍ ያለውም አለ።

ወፍራም ማለት ለስላሳ ማለት ነው?

ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚባለው። ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። ተመሳሳይ ጉልበት ሰፊ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ ቀጭን ቦታ ላይ ሲያርፍ ይቆርጣል። የከባድ ዕቃ መያዣ ገመድ ቀጭን ከሆነ እጅ እንደሚከትፈው ማለት ነው።

ሂሳቡ ግን አንድ ነገር ይዘለዋል። ዛብ ሳይሳብም ልጓሙ አፍ ውስጥ አለ። ፈረሱ ባላዘዛችሁት ጊዜም፣ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜም፣ ያንን ውፍረት ተሸክሞ ነው። ምላሱ ወፍራም፣ ላንቃው ዝቅ ያለ ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን «ለስላሳ» ልጓም አፉን አያዘጋውም። ምራቁን መዋጥ ይቸግረዋል። እኛ ደግሞ አፉን ከፈተ ብለን ጠፍር እናጠብቅበታለን። የዋህነት እንዲህ ነው።

ለአብዛኛው ፈረስ ከ14 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ያለው መካከለኛ ውፍረት ጥሩ መነሻ ነው። የሚለካውም ከቀለበቱ አጠገብ፣ ልጓሙ በሚወፍርበት ቦታ ነው። በጣም የቀጠነ፣ ሽቦ የሚመስል ልጓም ግን ልምድ ላለው እጅም ቢሆን አልመክርም።

አንጓ፣ ቅስት፣ ቀለበት

ወደ ቅርጹ እንምጣ። ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ የሚሳበው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳ ሙሉ ብረት ተሰቅሎ ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር መሠረታዊ ዓይነቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አንድ አንጓ ያለው ልጓም ሁለት ቁራጭ ብረት መሃል ላይ የተያያዘበት ነው። ዛብ ሁለቱም ሲሳቡ በአንጓው ይታጠፍና ምላሱን ከሁለት ጎን እንደ መቆንጠጫ ይይዘዋል። ብዙ ፈረሶች ለምደውት ይኖራሉ። ወፍራም ምላስ ላለው ግን አይመችም።

ሁለት አንጓ ያለው መሃሉ ላይ ትንሽ ሦስተኛ ቁራጭ አለችው። መታጠፉ ይለዝባል፤ ምላሱ ላይም ዞሮ ይተኛል። እዚህ ላይ መሃለኛዋን ቁራጭ በደንብ እዩአት። እንደ ባቄላ ፍሬ ድቡልቡል ብትሆን ጥሩ ነው። ዝርግ ሳህን ከሆነች ደግሞ በሆዷ ትተኛለች ወይስ በጠርዟ ትቆማለች የሚለውን አጣሩ። በጠርዝ የምትቆም ከሆነች ምላስ ላይ የተሳለ ነገር አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ አፍ ውስጥ ግን አይገናኙም።

ምንም አንጓ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ የጎበጠ ልጓምም አለ። አይቆነጥጥም፣ አይንቀጠቀጥም። መንቀሳቀሱ ለሚያውካቸው ፈረሶች ሰላም ይሰጣል። ግን ጫናው በሙሉ ምላስ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ ወደ ላይ የተቀሰቱት፤ ቅስቱ ለምላስ ቦታ ይለቅቃል። ቅስቱ ዝቅ ያለና ሰፊ ከሆነ እፎይታ ነው። ከፍ ካለ ግን ምላሱን ለቆ ላንቃውን ይነካል። ጠባብ ከሆነም ምላስ አይገባበትም፤ ለስሙ ብቻ ነው።

ቀለበቶቹን በተመለከተ፣ የሚዞረው ቀለበት የእጃችሁን ትንሽ እንቅስቃሴ ያስተላልፋል። ልጓሙን ነክሶ ለሚደገፍ ፈረስ ይሄ ይረዳል። የማይዞረው ግን ረጋ ያለ ነው፤ ለጀማሪ እጅና ለሚደነግጥ ፈረስ እመርጠዋለሁ። ከላይና ከታች ረዘም ያለ ዘንግ ያለው ደግሞ ጉንጩን በጎን ገፋ ስለሚያደርግ መታጠፍ ለሚማር ለጋ ፈረስ ያግዛል። ልጓሙም በአፉ ተስቦ ወደ ሌላው ጎን አያልፍም።

ሳትገዙ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ልጓሙን ቅልጥማችሁ ላይ አጋድሙትና ሌላ ሰው ሁለቱን ቀለበቶች በቀስታ ይሳብ። ቀስ በቀስ ይጨምር። የት እንደሚቆነጥጥ፣ የት እንደሚወጋ ያኔ ይገባችኋል። ባለሱቁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ክንድ ያለው ልጓም

እስካሁን ያልኩት ዛቡ ከልጓሙ ቀለበት ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝበት ዓይነት ነው። እዚያ ላይ አንድ ኪሎ ብትስቡ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ከአፉ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ክንድ አለው፤ ዛቡም የሚታሰረው ከክንዱ ጫፍ ላይ ነው። ከአገጩ ሥር ደግሞ ሰንሰለት ወይም ጠፍር ያልፋል።

ይሄ ጉልበት የሚያበዛ መሣሪያ ነው። ከልጓሙ በላይ ያለው ክንድ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከልጓሙ በታች ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ዛቡን በአንድ ኪሎ ብትስቡ ሰንሰለቱ አገጩን በ2 ኪሎ ገደማ ያስራል። አፍ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ የሁለቱን ድምር፣ 3 ኪሎ ያህል፣ ይቀበላል። የታችኛው ክንድ በረዘመ ቁጥር ይህ ይጨምራል። ሰንሰለቱ ሲላላም ሲጠብቅም ነገሩ ይለዋወጣል። ልማዱ ክንዱ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ገደማ ሲዞር ሰንሰለቱ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

በሠለጠነ እጅ ላይ ይህ ልጓም በሹክሹክታ ማውራት ያስችላል። ፈረሱም ጋላቢውም ብዙ ተምረው የሚደርሱበት ነው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚገዛው ከዚያ በተቃራኒ መሆኑ ነው፦ ፈረሱ አልቆም ስላለ። አልቆም ያለ ፈረስ አፉ እያመመው ሊሆን ይችላል። ከሕመም ደግሞ ፈረስ የሚያመልጠው ሮጦ ነው። ስለዚህ ሕመሙን በ3 ስናበዛው ሩጫውስ?

ፈረስን በሸካራ ልጓም የማረም ሐሳብ አሮጌ ነው፤ እንዲያውም በጣም አሮጌ። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በፊት ለፈረሰኞች ሲጽፍ ሁለት ልጓም ይኑራችሁ ብሏል፤ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ሸካራ። ፈረሱ ሸካራውን ጠልቶ መንከሱን ይተዋል፣ ከዚያ ለስላሳው ሲደረግለት ደስ ይለዋል የሚል ነበር ስሌቱ። ብልህ ሰው ነበር፤ ስለ ፈረስ የጻፈው ብዙው ዛሬም ይሠራል። በዚህ ላይ ግን አልስማማም። ከራጁ ቀድሞ ስለኖረ አልፈርድበትም።

የተሠራበት ነገር

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይሸረፍም፤ ለማጽዳትም ይመቻል። መዳብ ያለበት ቅይጥ ምራቅ ያመጣል ተብሎ ይወደዳል፤ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ግን ቶሎ ይበላል። ጎማና ፕላስቲክ ለሚነክስ ፈረስ አይበረክቱም፤ ጥርስ ከቦጨቃቸው በኋላ ሸካራ ይሆናሉ። የምትሸሹት አንድ ነገር አለ፤ ርካሽ ሆኖ ላዩ ብቻ የተለበጠ ብረት። ልባጡ ሲላጥ ጠርዙ ይቆርጣል። ያረጀ ልጓምን ስስ የሴት ስቶኪንግ አልብሳችሁ ጎትቱት። ስቶኪንጉ ከተያዘ ልጓሙ ጡረታ ይውጣ። በብርድ ጠዋትም ልጓሙን ከማስገባታችሁ በፊት በእጃችሁ አሙቁት።

ሲታሰር

«የከንፈሩ ጥግ ላይ ሁለት መጨማደድ እስኪታይ አጥብቅ» የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። መነሻ ይሆናል፤ ሕግ ግን አይደለም። ሥጋማ ከንፈር ያለው ፈረስ ገና ሳይነካ ይጨማደዳል። ስስና ረጅም ከንፈር ያለው ደግሞ ሁለት መጨማደድ ሲታይበት ጥጉ ተወጥሮ አልቋል።

እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጓሙ ከክራንቻው በደንብ ርቆ፣ ከመንጋጋዎቹም ሳይደርስ ጥርስ በሌለበት ቦታ ላይ ተቀምጧል ወይ? ሁለተኛ፣ የጉንጩን ጠፍር በጣቴ ወደ ውጭ ስስበው ትንሽ ይለቃል ወይ? ጠፍሩ እንደ ክራር ጅማት ከጠበቀ ፈረሱ ዛብ ባልተያዘበት ጊዜም ከንፈሩ ወደ ላይ ተስቦ ነው የሚውለው። እረፍት የለውም ማለት ነው። ጠፍሩ ላልቶ ብረቱ ከተንጠለጠለ ደግሞ ጥርስ ይመታል፤ ፈረሱም ምላሱን አውጥቶ በላዩ ላይ ማሳለፍ ይለምዳል። ይህ አመል አንዴ ከያዘ አይለቅም።

የአፍንጫው ማሰሪያ ሌላ ጉድ ነው። አፉ እንዳይከፈት ተብሎ ይጠበቃል። አፉን ሲያፍኑት የምታዩት ምልክት ይጠፋል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ከአፍንጫው አጥንት በላይ፣ ከፊት ለፊት፣ ሁለት የጎልማሳ ጣት ማስገባት አለባችሁ። ጎን ላይ ማስገባት አይቆጠርም፤ እዚያ ሥጋው ይለቃል። ጉዳዩ ዋዛ ስላልሆነ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ይህን ክፍተት በመለኪያ መሣሪያ እያስለካ ነው።

ፈረሱ ምን እያለ ነው?

ልጓሙ ከተደረገ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቁሙና እዩት። በቀስታ የሚያላምጥ፣ ከንፈሩ የረገበ፣ አፉን የዘጋ ፈረስ ደህና ነው። ከንፈሩ ላይ ትንሽ እርጥበት ይበቃል። ደረቱ ድረስ የሚዝረከረክ አረፋ እንደ ሽልማት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። መዋጥ ያቃተው ፈረስም ግን እንዲሁ ነው የሚያዝረከርከው።

አፉን ሲያፋጭ፣ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ፣ ምላሱን በጎን ሲያወጣ፣ ዛብ ስትይዙ አንገቱን ወደ ሰማይ ሲወረውር፣ ወይም አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲሸሽ «አመለኛ» ከማለታችሁ በፊት አፉን እዩ። ልጓም ሲያሳዩት ራሱን ወደ ላይ የሚያርቅ ፈረስም የሚነግራችሁ ነገር አለ።

ግን ሁሉንም በልጓም አታሳብቡ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባችሁ። ኮርቻው ጀርባውን የሚቆርጠው ፈረስም አንገቱን ይወረውራል። በአንድ እግሩ የሚያነክስ ፈረስ በአንድ ዛብ ላይ ብቻ ይከብዳል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የእኛው እጅ ነው። ሚዛኑን በዛብ የሚጠብቅ ጋላቢ በየእርምጃው አፉን ይመታል፤ ለዚህ የሚሆን ልጓም አልተሠራም። ይህ ጋላቢ እናንተ ከሆናችሁ (ሁላችንም ነበርን) ልጓም ለመቀየር የያዛችሁትን ገንዘብ ለአሠልጣኝ ስጡት። ወይም እስክትረጉ ድረስ አፍ ውስጥ ምንም በማይገባበት፣ በአፍንጫ ላይ በሚያርፍ ማዘዣ ጋልቡ። እሱም ክንድና ሰንሰለት ያለው ዓይነት ስላለ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትመኑት።

አዲስ ልጓም ስትሞክሩ ሌላ ምንም አትቀይሩ። ኮርቻውም፣ ማሰሪያውም፣ የምትሄዱበትም መንገድ የድሮው ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ፈረሱ ቀለል ቢለው ቶሎ አትደሰቱ፤ አንዳንዴ ለውጡ ራሱ ግራ ያጋባውና ጸጥ ይላል። አሥር ቀን ያህል ስጡት። በየቀኑ ልጓሙን ስታወጡ ደግሞ ንጹህ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግና በድዱ ላይ በቀስታ አሳልፉ። ትናንት ያልነበረ እብጠት ካገኛችሁ፣ ወይም ትናንት ዝም ብሎ ያስዳሰሳችሁ ፈረስ ዛሬ ራሱን ካሸሸ፣ ልጓሙን ለሻጩ መልሱት።